የተደበቁ ምስጋናዎች

የልብስ ድርጅታቸው አሥረኛ ዓመቱን ሊይዝ ነው። እህትየው በግድግዳ የሚሰቀለውን ታሪኩን ትጽፋለች፤ ወንድሟ ከጎኗ ካርቶን ያሽጋል። ሲጀምሩ እሷ ለየደንበኛው የሚስማማውን ልብስ ትመርጥ፣ እሱ ቤት ድረስ ያደርስ ነበር። ደንበኛው ያልወደደውን ልብስና የአስተያየት ወረቀቱን በእሱው እጅ ይመልስ ነበር።

«'ምርጫዬን የሚወድ ስለጠፋ የመምረጡን ሥራ ለባለሙያ አስረከብኩ' ልበል?» አለች መስመሩን ጽፋ። «ወንድምዓለም፣ አንድ እንኳ ያመሰገነኝ አልነበረም እኮ!»

የሚያሽገውን ካርቶን አስቀመጠ። በመጀመሪያው ዓመት በሰው ፊት፣ «ወንድሜ ከአራተኛ ክፍል ያመለጠ ነው፤ ካርቶን መሸከም ግን ይችልበታል» ብላ አስቃበት ነበር። የዱላ ቁስል ይሽራል፣ የአፍ ቁስል ያመረቅዛል። ከዚያ ወዲህ ወቀሳውን ብቻ እየሰጣት ምስጋናውን ደበቀ። ትወደው የነበረውን የመምረጥ ሥራ ስትተው እያየም አላወጣውም።

አሁን ግን ከቁም ሣጥኑ ሥር አሮጌ የጫማ ካርቶን አውጥቶ ፊቷ አኖረው።

«ምንድነው?»

«አንብቢው።»

ከውስጡ አንዱን የአስተያየት ወረቀት አነሳች፦ «በሰማያዊው ቀሚስ ልጄን ዳርኩ፤ የመረጠችው እጅ ይባረክ።»

«ስንት ዓመት ይዘኸው ነው?»

«ዘጠኝ።»

የጻፈችውን መስመር ሰረዘች። በምትኩ ምን እንደምትጽፍ ግን አልጠየቀችውም።