ጣሃ ያነበበው ውል

የክራንቹ ድምፅ ደረጃው ላይ «ቷ፣ ቷ» ሲል ጣሃ የያዘውን ብርድ ልብስ ወርውሮ ከክምሩ ኋላ ገባና ቁጢጥ አለ። ጉድ እኮ ነው! የሃምሳ ሁለት ዓመት ሰው፣ ጆሃንስበርግ ትሮይቪል ሰፈር ሰው ሲጣላ ለሽምግልና የሚጠራ ነጋዴ፣ በገዛ ሱቁ እንደ ሌባ ተደብቆ የራሱን ትንፋሽ ያዳምጣል። ጉልበቱ ቀጭ ሲል እንዳይሰማበት በእጁ አፈነው።

«ሳውቦና፣ ሩሚ!» አለ ኤዲልማር በሩ ላይ ደርሶ። ኤዲልማር ብራዚላዊ ነው፤ የሃያ አንድ ዓመት እግር ኳስ ተጫዋች። የዙሉውን ሰላምታ ከቡድን ጓደኞቹ ለምዶታል። «ፓይ አለ?»

ፓይ በልጁ ቋንቋ አባት ማለት ነው። ጣሃን እንደዚያ ነው የሚጠራው።

«አሁን እዚህ ነበር እኮ፤» አለች የጣሃ ልጅ ሩመይሳ። «አባዬ! ኤዲልማር መጥቷል!»

ጣሃ ይበልጥ ተሸጎጠ። የብርድ ልብሱ ብናኝ አፍንጫው ገባ። አንዱን ማስነጠስ እንደምንም ዋጠው፤ ሁለተኛው ግን አመለጠው።

«ይርሐሙከላህ!» አለ ሻፊ ወደ ክምሩ ዞሮ። ሻፊ ዛንድስፕሩት በሚባል ሰፈር ስፓዛ፣ ማለትም ትንሽ የሰፈር ሱቅ፣ ያለው የድሮ ደንበኛ ነው፤ ዕቃው እስኪታሰርለት ባንኮኒውን ተደግፎ ሻይ ይጠጣል።

ከዚህ ወዲያ ምን መደበቅ አለ? ጣሃ ፀጉሩ ብናኝ እንደለበሰ ብድግ አለ።

«እየቆጠርኩ ነበር፤» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ሩመይሳ አየችውና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ ነው፤ የጆሃንስበርግ ብርድ አጥንት በሚሰብርበት ወቅት። ኤዲልማር ብርድ ልብስ ሊገዛ ገብቶ በምልክት ሲንገታገት፣ ጣሃ በፖርቱጋልኛ «ባለ ድርቡ ይሻልሃል» ቢለው ልጁ ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም። ጣሃ ከስልጤ ተነስቶ ሲመጣ ሞዛምቢክ ላይ መንገድ ተዘግቶበት ናምፑላ ውስጥ ስድስት ዓመት የሰው ሱቅ ጠብቋል። ፖርቱጋልኛውን ያመጣው ከዚያ ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ ኤዲልማር ቤተኛ ሆነ። የጣሃ ሚስት ባህሪያ ሩዝ በሥጋ የሠራች ዕለት ድስቱን የሚጠርገው እሱ ነው።

አንድ ዕለት ኑሮውን አጫወታቸው። ብራዚል ያለው ክለብ ያስፈረመው በአሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ አላጫወተውም። በየዓመቱ ለሌላ ክለብ በውሰት ይሰጠዋል። አራት ዓመት፣ አራት ክለብ፤ አራተኛው የጆሃንስበርጉ ነው።

«የእኔ ዓይነቱ ብዙ ነው፤» ብሎ ሳቀ ልጁ። «አንድ ቀን እሸጠዋለሁ ብለው ያስፈርሙሃል። እስከዚያ ቀለብህን ሌላ ሰው ይችልላቸዋል። ብሸጥም ግማሹ ያሳደገኝ የሰፈራችን ክለብ ድርሻ ነው። ከሁሉም ያነሰው ድርሻ የእኔ ነው።»

ጣሃ ይህ ሳይነገረው ይገባዋል። እሱም ጆሃንስበርግ እንደገባ፣ የመንገዱን የከፈለለት ዘመዱ ለሌላ ዘመድ፣ ያም ለሌላው እያዋሰው ሦስት ዓመት ከስፓዛ ስፓዛ ዞሯል። ልጁን የወደደውም ለዚህ ነበር። ወዶት ምን እንደሠራው ስሙ!

ከአራት ወር በፊት ውሰቱ የሚራዘምበት ወረቀት መጣ። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ኤዲልማር ደግሞ ያኔ እንግሊዝኛ አይሰማም፤ ከሩመይሳ ጋር የሚግባባበትን ያህል የለመደው በኋላ ነው። ይዞት የመጣው ቩሲ የሚባል የአገሬው ኤጀንት «ያው የአምናው ነው፣ ዓመቱ ብቻ ተቀይሯል በለው» አለ። ጣሃም አለለት። ልጁ ግን ብዕሩን እንደያዘ ቀና ብሎ «ፓይ፣ አንተ አንብበኸዋል?» ሲል ጠየቀ።

አይ ጣሃ! ጣሃ እንግሊዝኛ ይናገራል፣ ዙሉም ይናገራል። ሁሉንም ባንኮኒ ላይ ቆሞ በጆሮው ነው የለቀመው። ማንበቡ ግን ከቁጥርና ከካርቶን ጽሑፍ አያልፍም። ይህን ለሚስቱም ለልጁም ተናግሮ አያውቅም። እነሻፊ ደግሞ «ባለ አምስት ቋንቋው!» እያሉ ክበውታል። «ሩመይሳ ከዩኒቨርሲቲ እስክትመጣ ጠብቁ» ቢል ምን ነበረበት? ምላሱ እምቢ አለው። መነጽሩን ሰክቶ፣ ጣቱን በመስመሮቹ ላይ እየነዳ አራቱንም ገጽ ገለጠ። «ይኸኛው ስለ ደመወዝህ ነው፤ ይኸኛው ስለ ቤት ኪራይህ» እያለ ስለ አምናው ውል ከልጁ የሰማውን እየቀጣጠለ ፈጠረለት። በመጨረሻም «ወላሂ፣ ቃል በቃል አንብቤዋለሁ» አለ። ይህም አልበቃው፤ አስተርጓሚ ነኝ ብሎ ፈረመና የሱቁን ማኅተም መታበት። «ጣሃ ብርድ ልብስ፣ ጅምላና ችርቻሮ» የሚል ማኅተም፣ በእግር ኳስ ውል ላይ! ቩሲ እንኳ ሳቁን አፍኖ ነው የወጣው። ጣሃ ለዚህ ሥራው አምስት ሳንቲም አልተቀበለም። ገንዘብ በልቶ ቢሆን እንኳ አንድ ነገር ነበር። የበላው ሙገሳ ብቻ ነው።

ባለፈው ወር የኤዲልማር የጉልበት ጅማት ተበጠሰ። ክለቡ ወረቀቱን አወጣ። ሦስተኛው ገጽ፣ ተጫዋቹ ከሦስት ወር በላይ የሚያስተኛ ጉዳት ከደረሰበት ውሰቱ ይቋረጣል ይላል። አራተኛው ገጽ ደግሞ ውሰቱ የተቋረጠ ዕለት የብራዚሉ ውልም አብሮ ይፈርሳል ይላል። እንግዲህ ልጁ የሚመለስበት ክለብ የለውም፤ ጉልበቱን በኦፕሬሽን የሚያስጠግንለትም የለም። ለዓርብ የአውሮፕላን ትኬት ተቆርጦለታል፣ አለቀ።

«ተቀመጥ እንጂ፤» አለው ጣሃ አሁን፣ በፖርቱጋልኛ።

«አልቀመጥም፤ መነሳቱ ነው የሚያስቸግረኝ።» ኤዲልማር አንገቱን ደፋ። «ፓይ፣ ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት።»

«እኔን?»

«ስምህን ነገር ውስጥ አስገባሁት። ዛሬ በስምንት ሰዓት የተጫዋቾች ማኅበር ጉዳዬን ያያል። ጠበቃዋ ‹ውሉ በምትሰማው ቋንቋ ካልተነበበልህ እንከራከርበታለን፤ ተነቦልሃል ወይስ አልተነበበልህም?› እያለች ታፋጥጠኛለች። ተነቦልኛል አልኳት።»

«እንደዚያ አልካት?»

«ታዲያ ምን ልበላት? አንተ ወላሂ ብለሃል። አንተ ወላሂ ካልክ አለቀ። እኔ ነኝ ያልሰማሁት። ያን ቀን እናቴ ደውላልኝ ልቤ እሷ ዘንድ ነበር። አንተ ስትነግረኝ እኔ እዚህ አልነበርኩም፣ ፓይ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ቢሰድበው ይሻለው ነበር። ክራንቹን አንስቶ አናቱን ቢለው ይሻለው ነበር። ጣሃ ከእግር ጥፍሩ እስከ ራስ ፀጉሩ አፈረ፤ ዓይኑን የሚያሳርፍበት አጣ።

«ልጁ ምን ይላል?» አለ ሻፊ፣ ፖርቱጋልኛ አይሰማምና።

«ሰላም ነው ወይ ይላል፤» አለ ጣሃ። ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው የደነገጠው። አሁንም እየፈጠረ ነው ለካ!

ኤዲልማር ትከሻው ላይ ያንጠለጠለውን ከረጢት ከፍቶ አንድ ብርድ ልብስ አወጣ። ባለ ድርቡ ነው፤ ታጥቦ፣ በሥርዓት ታጥፏል። «ብራዚል ሙቀት ነው፣» አለ፤ «ለሚበርደው ሰው ስጥልኝ።» ክምሩ ላይ አስቀመጠው፤ ሩመይሳን በእጁ ተሰናብቶ ወጣ። ክራንቹ ደረጃውን አንድ በአንድ ሲወርድ ሦስቱም ሰሙት።

ድምፁ ሳይጠፋ የጣሃ ስልክ ጮኸ። ቩሲ ነው።

«ባባ ጣሃ፣ ደህና ነህ? ዛሬ ሰው ከደወለልህ አንብቤለታለሁ ነው የምትለው። ማኅተምህ አለበት፤ አትርሳ።»

«ቩሲ፣ አንተ ያው የአምናው ነው አልከኝ…»

«እኔ ምን እንዳልኩ ማን ሰማ? ፊርማው ያንተ ነው። አላነበብኩም ካልክ አጭበርባሪው አስተርጓሚ አንተ ነህ። ደግሞ የጥገኝነት ወረቀትህን፣ አሳይለምህን፣ የምታሳድስበት ጊዜ ደርሷል መሰለኝ። ነገር ምን ያደርግልሃል?»

ጣሃ ስልኩን ባንኮኒው ላይ በግንባሩ ደፋው።

«ቩሲ ነው አይደል?» አለች ሩመይሳ።

«እሱ ነው።»

«ኤዲልማር ይቅርታ ሊጠይቅህ እንደሚመጣ ትናንት ነግሮኛል፤ ሁሉንም ነግሮኛል።» ቀረብ አለችው። «አባዬ፣ አንተ ግን ለምንድነው የተደበቅከው?»

ጣሃ ክምሩን ማስተካከል ያዘ። አላነበብኩትም ማለት አንድ ነገር ነው። ማንበብ አልችልም ማለት፣ ለዚያውም ሕግ ለምታጠና ልጅ፣ ሞት ነው። እሷን ለማስተማር ነው ይህን ሁሉ ብርድ ልብስ በጀርባው የተሸከመው።

«ትንሽ ሆኜ የምታነብልኝ የዝሆን መጽሐፍ ትዝ ይልሃል?» አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«እንዴት አይለኝም።»

«ታሪኩ ሁልጊዜ ይለያይ ነበር። አንድ ቀን ዝሆኑ ነጋዴ ነው፤ ሌላ ቀን ሙሽራ ይሆናል። በኋላ ትምህርት ቤት ገብቼ ራሴ አነበብኩት። ለካ ዝሆኑ እናቱ ጠፍታበት ሲፈልግ ነው።»

ጣሃ ባዶ ካርቶን ላይ ተቀመጠ። አሥራ አምስት ዓመት! አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ የደበቃትን ነገር ልጁ ታውቀው ኖሯል፤ ደብቃለት ኖራለች።

«ታዲያ… ለምን ዝም አልሽ?»

«ያንተው ይጥም ነበራ!» ፈገግ አለች፤ ወዲያው ፈገግታዋ ጠፋ። «የኤዲልማር ወረቀት ግን ተረት አይደለም፣ አባዬ። ሲሪየስ ነው። ጠበቃዋ የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ያንተን ቃል፣ በፊርማህ።»

«አሳይለሜስ?»

«አላውቅም፤» አለች ሩመይሳ። «ዋሽቼ አላጽናናህም።»

ጣሃ ኤዲልማር የመለሰውን ብርድ ልብስ አየ። የታጠፈበት ሁኔታ የባህሪያን አስተጣጠፍ ይመስላል፤ ልጁ ከእሷ ተምሮ ይሆናል። ባህሪያ ይህን ስትሰማ ምን ትላለች? ሻፊስ ነገ ዛንድስፕሩት ደርሶ ምን ያወራል? ደግሞ ያ ልጅ በስምንት ሰዓት ገብቶ ጥፋቱ የእኔ ነው ሊል ነው።

«ጻፊ፤» አለ።

ሩመይሳ ከደረሰኙ ጥራዝ አጠገብ ያለውን ነጭ ወረቀት ሳበች። ጣሃ ሻፊ እንዳይሰማ በጆሮዋ ተናገረ፤ እሷ በእንግሊዝኛ ጻፈች። ወላሂ ማለቱንም አስጻፈ፣ ማኅተም መምታቱንም አስጻፈ። ሲጨርስ እጁ በልማዱ መሳቢያውን ከፍቶ ማኅተሙን አነሳ። ትንሽ አየውና መልሶ መሳቢያውን ዘጋ።

«እዚህ ጋ ነው የምትፈርመው፤» አለች ሩመይሳ ብዕሩን እያቀበለችው።

«መጀመሪያ አንብቢልኝ።»

«አሁን አንተው የነገርከኝን እኮ ነው!»

«ቢሆንም። ከላይ ጀምረሽ፣ ምንም ሳትዘዪ።»

ሩመይሳ ማንበብ ጀመረች። እንግሊዝኛውን ጣሃ በጆሮው ይሰማዋል፤ ሻፊም ይሰማዋል። ስሙን አነበበች፤ ሱቁን፣ ቀኑን፣ ቩሲ ያለውን አነበበች። ከዚያ ባንኮኒው ጋ የቆመውን ሻፊን ገረፍ አድርጋ አየችና ወደ አባቷ ጎንበስ ብላ፣ በሹክሹክታ ቀጠለች።

«እኔ ማንበብ አልችልም…»

ሻፊ የሻይ ብርጭቆውን ከንፈሩ ላይ እንዳደረገ ደርቆ ቀርቷል። ጣሃ ዓይኑን ከሻፊ ዓይን አልነቀለም።

«እሱን ድገሚው፣ ልጄ፤» አለ። «ድምፅሽን ከፍ አድርጊና ድገሚው።»