ቀለም የገባው በርበሬ

እኔ ዓለሜ፣ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ፣ «ቀለም አይገባውም» ተብዬ ከአራተኛ ክፍል ከወጣሁ ጀምሮ ደብተር ይዞ የሚመጣ ሰው አልወድም። ሄርሜላ የምትባለው የምግብ ቁጥጥር ባለሙያ ግቢያችን ስትገባ፣ ገና አፏን ሳትከፍት ጠላኋት።

ደብተር ብቻ አይደለም የያዘችው። ስልክ የሚያህል መሣሪያም አላት፤ ብርሃን ያበራል። ብርሃኑ ከምግቡ ላይ ነጥሮ ሲመለስ በውስጡ የተቀላቀለውን ባዕድ ነገር ስክሪኑ ላይ ያሳያል አለችን። የባለቤቴን የየሺሀረግን በርበሬ አበራችበትና ፊቷ ተለወጠ።

«ወይዘሮ የሺሀረግ፣ የጨርቅ ቀለም አለበት።»

የሺሀረግ ለሰፈሩ የሸማቾች ሱቅ በርበሬ ስታቀርብ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ስሟ ከአቅራቢነት ከተሰረዘ አለቀላት። «በማርያም፣ በርበሬዬ ንጹሕ ነው» አለች። 

«ቀለሙን የጨመረው ባለ ወፍጮው ቶሎሳ ነው» አልኳት ሄርሜላን። «ፊቱን ብቻ አይተሽ ትፈርጂያለሽ።»

ሄርሜላ ሰሌን ላይ የተሰጣውን፣ ገና ወፍጮ ያላየውን ዛላ አበራችበት። ያው ቀለም ነው። ቶሎሳ ነጻ ወጣ።

«እንግዲያው ምቀኛ ጎረቤት ነው፤ እኔ ልማል» ብዬ እጄን አነሳሁ። ልጅቱ ጣቶቼን አየች፤ ብርሃኑን ጥፍሬ ላይ አሳረፈች።

«አባቴ፣ በርበሬው ላይ ያለው ቀለም እርስዎም ጋ አለ።»

ያኔ ነው ቀና ያልኩት። ከሰሌኑ በላይ፣ ገመዱ ላይ፣ ለጥለት የነከርኩት ቀይ ክር ተሰቅሏል። ክር ራሴ መንከር ከጀመርኩ ወር ሆኖኛል፤ የሺሀረግ ገበያ ስትሄድ ዛላውን ከዶሮ የምጠብቀውም እኔ ነኝ። ሲንጠባጠብ አይቻለሁ። ቀይ ቀይ ላይ ቢወድቅ ምን ያመጣል ብዬ ዝም አልኩ። አፈርኩ፤ ሁሉንም ተናገርኩ።

የሺሀረግ ከወር በፊት ያስፈጨችውን ከጓዳ አመጣች፤ መሣሪያው ንጹሕ ነው አለ። ሄርሜላ ስሟን አልሰረዘችም። የዚህን ወር በርበሬ ግን ከሱቁና ከየደንበኛው ቤት የምሰበስበው፣ ጥፋቱም የኔ መሆኑን የምናገረው እኔው እንድሆን አዘዘች።

በርበሬውን የምሰበስብበትን ማዳበሪያ ይዤ ስወጣ የሺሀረግ በሩ ላይ ቆማ እጄን አየች።

«አስተማሪዎችህ ተሳስተዋል» አለችኝ። «ቀለምስ እስከ ጥፍርህ ገብቶሃል።»