ዝሆኑ ውስጥ ያለው ጥጥ

ሶፋ ጠጋኙን ሰፈሩ «አባ ጭምብል» ይለዋል። ሱቁ ገብቶ ቀና ያለ ሰው አሥራ አንድ አሮጌ የወታደር የጋዝ ጭምብሎች ከግድግዳው ላይ በክብ መስታወት ዓይኖቻቸው ያፈጡበታል። ሚስቱ ከሞተችበት ዓመት ጀምሮ ከአሮጌ ዕቃ ተራ እየለቀመ ያመጣቸው ናቸው። ሌላው ሽማግሌ ዶሮ ያረባል፣ እሱ ጭምብል ያረባል።

ግድግዳ ላይ መስቀሉ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። አሮጌ ሶፋ ሲፈታ አቧራው ስለማይቻል አንዱን አጥልቆ ይሠራል። መጀመሪያ ያጠለቀ ቀን ከማጣሪያው ጣሳ ሥር ያለውን የላስቲክ ውታፍ ሳይነቅል ቀርቶ ትንፋሹ ሊቋረጥ ሲል ጎትታ ያወለቀችለት ሴት ልጁ ናት። «አባዬ፣ ይሄን ነገር ፊትህ ላይ አትለጥፍ» ብላ ለመነችው። እሱ ግን «የመርዝ ጋዝ የመለሰ የሶፋ አቧራ ያቅተዋል?» እያለ ሳቀባት። ከዚያ ወዲህ ውታፉን መንቀል ለመደ እንጂ ማጥለቁን አልተወም። ሲያስለውም «አቧራ ነው» ይላል።

ሶፋ ጠጋኝ ደግሞ ጥጥ አይጥልም። ካንዱ ወንበር የወጣው ተፍታቶ፣ ፀሐይ መትቶት፣ ሌላው ወንበር ውስጥ ይገባል። ባለፈው ወር የስድስት ማጣሪያዎችን ዝገት ሊያጸዳ ጣሳዎቹን ሲከፍት ከውስጣቸው ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ግራጫ ጥጥ አገኘ። በጣቶቹ አሸት አሸት አደረገው። ለስላሳ ነው፣ ብል አልነካውም። እጁ «ይሄ አይጣልም» አለው፤ እጁን ደግሞ አርባ ዓመት ሙሉ አምኖት ኖሯል። ከአረንጓዴ ቬልቬት ትራፊ ትንሽ ዝሆን ሰፋና በዚያ ጥጥ ጠቅጥቆ ለአራት ዓመቷ የልጅ ልጁ ሰጣት። ልጅቷ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያለ ዝሆኗ አትተኛም፤ አያት ሆዬም ደረቱን ነፍቶ ሰነበተ።

አንድ ቀን ጠዋት እናቷ፣ ያችው ሴት ልጁ፣ እንደ ወትሮው እሱ ዘንድ ትታት ወደ ሥራ ሄደች። ዝሆኑ ጆሮው ሥር ተተርትሯል። «አባባ፣ ጥጡ እየወጣ ነው፣ ስፋልኝ» አለችና ደጃፍ ላይ ከጎረቤት ልጆች ጋር ልትጫወት ሮጠች።

መርፌው ላይ ክር ሲያስገባ ጡረታ የወጣ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ወንበር ሊያሳድስ መጣ። ሰውየው ወንበሩን ረስቶ ግድግዳው ላይ ፈዞ ቀረ።

«ያጠልቋቸዋል እንዴ?»

«ለአቧራ ነው። ምነው?»

«ተዉ፣ ወንድሜ! እኛ መሥሪያ ቤት እንዲህ ያሉትን እንዳንነካ ተነግሮናል። ያንዳንዶቹ ማጣሪያ አስቤስቶስ የሚሉት የድንጋይ ክር አለበት። ክሩን ዓይን አያየውም፣ ሳንባ ከገባ ግን አይወጣም። ከሃያ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው ጉዱ የሚመጣው። ጣሳውን ከከፈቱትማ የባሰ ነው።»

«ጣሳው ውስጥ… የቱ ነው እሱ?»

«ጥጥ የሚመስለው።»

መርፌው ከእጁ ወደቀ። እንግዳው ሽማግሌውን አየ፣ ከተተረተረው ጆሮ ያፈተለከውን ግራጫ ጥጥ አየ፣ ነገሩ ገባው። ደግ ሰው ነበርና አልጮኸበትም።

«አይነቅንቁት» አለ ቀስ ብሎ። ሁለቱም ሆነው ውሃ አርከፈከፉበት፣ በሁለት ፌስታል ደራርበው አሰሩት፣ እጃቸውን ታጠቡ። «መሆን አለመሆኑን የሚያውቀው ላቦራቶሪ ነው፤ እስኪታወቅ ግን ነው ብለው ይያዙት። እንዳያቃጥሉት፣ ገንዳም እንዳይጥሉት። የሚረከቡትን ሰዎች ነገ ይዤ እመጣለሁ። ልጅቷ አንድ ወር ብቻ ነው የያዘችው፣ ተስፋ አይቁረጡ። ብቻ የምትተኛበት ሁሉ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ። ለእናቷ ይንገሩ።»

ለእናቷ ይንገሩ! ማለት ቀላል ነው። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ሰው የሚያደርገው ይህች ልጅ እሱ ዘንድ መዋሏ ነው። አስቤስቶስ አስታቅፎ ለሚያስተኛ አያት ማን ልጁን ይተዋል? ሰውየው እንደወጣ ከዚያው ከአረንጓዴው ቬልቬት፣ በአዲስ ነጭ ጥጥ፣ ቁርጥ ያንኑ ዝሆን ሰፋ። የቁልፍ ዓይኖቹን ሳይቀር ያንኑ አስመሰለ። ልጅቷ መጥታ አቀፈችውና «አባባ፣ አጠብከው እንዴ?» ብላ ሳመችው። ተሳካለት። ዝም ቢል ማንም አያውቅም።

አልጋዋ ግን ማታ ይጠብቃታል። ካልተናገረ ማን ይጠርገዋል?

እናትየው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስትመጣ «ልጄ፣ ቁጭ በይ» አላት። ከጣሳው እስከ ፌስታሉ፣ አዲሱን ዝሆን ሳይደብቅ፣ ሁሉንም ነገራት። «ከእንግዲህ እኔ ዘንድ ባትተያት አልቀየምሽም» ብሎ ጨረሰ።

ሴት ልጁ ፊቷ አመድ መሰለ። «አትለጥፍ አላልኩህም? አባዬ፣ አላልኩህም?» ብላ ጮኸችበት። መጮኽ ይገባታልና አንገቱን ደፍቶ ተቀበለ። መልስ ሊሰጥ አፉን ሲከፍት ሳሉ ቀደመው።

ዓይኗ ከአባቷ ደረት ወደ ግድግዳው፣ ከግድግዳው ወደ ደረቱ ተመላለሰ።

«እሷ አንድ ወር ነው አልክ» አለች፤ ድምጿ ዝቅ ብሏል። «አንተስ?»

«እኔ ምን?»

«አንተ ስንት ዓመት ተነፈስክበት?»

ቀኑን ሙሉ ስለ ልጅቷ ሳንባ ሲንቀጠቀጥ ውሎ፣ የራሱ ሳንባ እንዳለው ትዝ ያለው ያኔ ነው። «አቧራ ነው» ሊል ፈለገ፤ ቃሉ እምቢ አለው። ሚስቱ ከሞተችበት ዓመት ጀምሮ በጣቶቹ ቆጠረ።

«ሰባት» አላት።

ሴት ልጁ ደረቱ ላይ ድፍት ብላ እንደ ልጅነቷ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች፤ እሱም ደረቱ ሲያፏጭ እንዳትሰማው ትንፋሹን ይዞ ቆየ።