የስኔሊንጓ አራጋቢ

ሂሩት ባንዲራዋን አነሳች፤ የእንግሊዞቹ ጎል ተሻረ።

ሰማንያ ስምንተኛው ደቂቃ ነው። አንድ ለአንድ። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ሚኒሶታ፣ ስኔሊንግ አቨኒው ያለው ስታዲየም ጢም ብሎ ሞልቷል። ዘጠኝ ቁጥሩ ጎሉን አግብቶ እየሮጠ ማሊያውን ማውለቅ ጀምሯል። ግማሹ አንገቱ ላይ እንደተጠቀለለ ዞር ሲል ባንዲራዋን አየ። ቆመ። ማሊያውን መልሶ ለበሰ።

ስታዲየሙ አበደ። ሜዳው የሚኒሶታ ቡድን ነው፣ የተሻረው ደግሞ የእንግዳው ጎል ነው፤ ግን ግማሹ ሰው የእንግዳውን ማሊያ ለብሶ ነው የመጣው። ሐበሻውማ ከግማሽም በላይ።

ጨዋታው የወዳጅነት ነው። እንግሊዞቹ በየበጋው ለዝግጅት እየመጡ ከአሜሪካ ቡድኖች ጋር እግራቸውን ያፍታታሉ። ለሂሩት ግን ምንም ወዳጅነት የለውም። ስድስት ዓመት በታችኛው ዲቪዚዮን አራግባለች። ወደ ዋናው ሊግ የአራጋቢዎች ዝርዝር ትገባ እንደሆነ ዛሬ ይወሰናል። ላይ፣ ከጋዜጠኞቹ ጎን፣ ሚስስ ሊንድግሬን የምትባል ገምጋሚ ደብተር ይዛ ተቀምጣለች። ሂሩት ትክክለኛ ጎል ሽራ ከሆነ አበቃ። ሌላ ፈተና ከሁለት ዓመት በፊት የለም።

በቪዲዮ የሚያጣራው ቫርም የለም። ለወዳጅነት ጨዋታ ማን ቫር ያቆማል? ያለው የእሷ ዓይን ብቻ ነው።

«ሂሩት፣ እርግጠኛ ነሽ?» አላት የመሀል ዳኛው ማርከስ፣ ጆሮዋ ውስጥ ባለችው ማዳመጫ።

«ነኝ።»

«በጣም ቅርብ ነበር።»

«ቅርብ ነበር። ኦፍሳይድም ነበር።»

ባንዲራዋን አላወረደችም። ይሄኔ ነው ከኋላዋ ድምፅ የመጣው፤ በአማርኛ።

«አንቺ ሴትዮ! ልብስ ልታሰጪበት ነው ያቆምሽው?»

ጋሼ አክሊሉ ነው። ባታየውም አወቀችው። ከስታዲየሙ መንገድ ተሻግሮ ምግብ ቤት አለው። ቅዳሜ ጠዋት በሩን የሚከፍተው ለቁርስ አይደለም፣ ለእንግሊዝ ኳስ ነው። ከአባቷ ጋር ሃያ ዓመት ሙሉ ተለያይተው አያውቁም። የአሜሪካ ኳስ ሲነሳበት አፉን ያጣምማል። «መጨረሻ የወጣ ቡድን የማይወርድበት ምን ኳስ አለ?» ይላል። «እንግሊዝ ብትሄድ መጨረሻ የወጣ ሰው እንቅልፍ የለውም። እዚህ መጨረሻ ወጥቶ ባርቤኪው ይጠብሳል! ዓመቱን ሙሉ አንደኛ የሆነው ደግሞ ፕሌይኦፍ የሚሉት ጥሎ ማለፍ ላይ አንዴ ይሸነፍና ባዶ እጁን ይገባል። ይሄ ኳስ ነው ሎተሪ?»

አባቷም ከእሱ አይሻልም። ይልማ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ይነዳል፤ ቁም ነገረኛ ሰው ነው። ሂሩት የመጀመሪያውን የፕሮፌሽናል ጨዋታዋን አራግባ ኒው ሆፕ ያለው ቤታቸው ስትገባ ዓይኑን ከቲቪው አላነሳም። «ጎሽ» አላት። «ኳስ የሚባለው ላይ ስትደርሺ ንገሪኝ።»

ከዚያ ወዲህ ትንፍሽ አላለችም። ሆስፒታል ደም ቀጂ ናት፤ ቅዳሜና እሁድ ቦርሳዋን ይዛ ስትወጣ ኦቨርታይም ይመስለዋል። ይምሰለው ብላ ተወችው። ዛሬም አልነገረችውም።

ስታዲየም ገብታ ስትሟሟቅ ግን አየቻቸው። ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ ልክ ከእሷ መስመር ኋላ፤ አባቷ፣ ጋሼ አክሊሉ፣ የታክሲ ነጂው ደጀኔ። ሦስቱም የእንግሊዞቹን ማሊያ ለብሰዋል። የአባቷ ሆዱ ላይ ተወጥሯል። ቶሎ ፊቷን ወደ ሜዳው አዞረች። የማራገብ ጥቅሙ ይሄ ነው፤ ዘጠና ደቂቃ ለሕዝብ ጀርባሽን ትሰጫለሽ። እነሱም የሚያዩት እንግሊዞቹን ነው። አራጋቢ ማን ያያል፣ ጎል ካልሻረች?

እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያው ሩብ ሰዓት አስጨንቋት ነበር። እንግሊዞቹ ፈጣን ናቸው። እግር ብቻ አይደለም። የኛ ልጆች ኳሱን ይቀበሉና ቀና ብለው ያያሉ። እነዚያ አይተው ጨርሰው ነው የሚቀበሉት። ያ ዘጠኝ ቁጥር ደግሞ ከተከላካዩ ጎን የተኛ መስሎ ይቆምና፣ ኳሱ ሊመታ አንድ ትንፋሽ ሲቀረው ይነሳል። ሂሩት ሁለቴ ዘገየች። ሁለቴም ኳሱ ውጭ ወጣላት እንጂ ጉድ ነበር።

ግን የሚኒሶታ ልጆች ሳንባ አላቸው። መጋቢት ላይ በረዶ ተጠርጎላቸው ይጫወታሉ፤ በሳምንቱ ሦስት ሰዓት ያህል በረው ቴክሳስ ላብ ውስጥ ይጫወታሉ። እንግሊዝ አገር ሩቅ የሚባለው ጨዋታ በአውቶቡስ ይደረሳል። ሰባኛው ደቂቃ ላይ እንግሊዞቹ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ያለከልኩ ጀመር። የኛዎቹ ያኔ ነው አንዷን አግብተው አቻ የሆኑት።

«ዝግጅት ላይ ስለሆኑ ነው!» ብሎ ነበር ጋሼ አክሊሉ። «ገና ሳንባቸው ሻንጣ ውስጥ ነው ያለው!»

ደጀኔ ሲስቅ ሰምታለች። አባቷን አልሰማችም።

አሁን ግን አራት እንግሊዞች ወደ እሷ እየሮጡ ነው። አምበላቸው አንደኛ ደረሰ። ፊቱ ቲማቲም መስሏል።

«እኛ ሊግ ውስጥ ይሄ ጎል ነው!» አለ በእንግሊዝኛ።

«ወደ ኋላ» አለችው። «ሁለት እርምጃ።»

«በምን አየሽው? ማንም ሊያየው አይችልም!»

በምን እንዳየችው ልትነግረው ጊዜ የለም። አራጋቢ ኳሱን በጆሮዋ ነው የምትከታተለው። ዓይኗ ከመጨረሻው ተከላካይ አይነሳም፤ ኳሱ ሲመታ «ዷ» የሚለው ይነግራታል። የትም አገር እንደዚህ ነው የሚያስተምሩት። ስታዲየም ሲጮህ ግን ጆሮ አይሠራም። ሂሩት ያደገችው ደግሞ ጆሮ በማይሠራበት ነው። እዚህ አገር ክረምቱን ኳስ የሚገባው ድንኳን ውስጥ ነው፤ በአየር የተነፋ ትልቅ ድንኳን፣ ውስጡ አራት ሜዳ ጎን ለጎን፣ አራት ፊሽካ ባንዴ፣ ወላጅ ሁሉ የሚጮህበት። ከአሥራ አራት ዓመቷ ጀምሮ ኅዳር ገብቶ መጋቢት እስኪወጣ እዚያ አራግባለች። ማንን ከማን ትሰሚያለሽ? የመቺውን ትከሻ በዓይን ጠርዝ መያዝ ተማረች። ትከሻው ሲወርድ እግሩ ኳሱን ነክቷል። የዛሬው ትከሻ ሲወርድ የዘጠኝ ቁጥሩ ጉልበት ከተከላካዩ አልፎ ነበር። በጫማ ወርድ።

አየችው። በቃ።

«ይቺን ሴትዮ ማነው ያመጣት!» ይላል ጋሼ አክሊሉ ከኋላ። «ሂጂ በባንዲራሽ ስኔሊንግ ላይ ሕፃን አሻግሪ! ይልማ፣ አየህልኝ? አሜሪካኖች ኦፍሳይድ መች ያውቃሉ! እጅ ኳስ አርገውት ቀሩ እኮ!»

ጋሼ አክሊሉ ትከሻ ቸብ ሲያደርግ ሰማች።

«ይልማ! አንተን እኮ ነው!»

«አክሊሉ፣ ዝም በል።»

የአባቷ ድምፅ። ሂሩት የባንዲራዋን እንጨት ጨበጥ አደረገችው። መዞር አይፈቀድም። ሊንድግሬን ከላይ ታያለች።

«ምን ዝም በል ትለኛለህ? ጎላችንን ሻረች እኮ!»

«ኦፍሳይድ ነው።»

«ከዚህ ሆነህ አየኸው?»

«አላየሁም።»

«ታዲያ?»

«እሷ ካለች ነው።»

«እሷ ማን ናት?»

ከዚያ ወንበሩ ቋ ሲል ሰማች። ተነስቷል።

«ልጄ ናት!» አለ ይልማ። ለአክሊሉ ብቻ አይመስልም ነበር የጮኸው፤ ሦስት ረድፍ ሐበሻ ሰምቷል። «ሂሩት ናት! አረማመዷን አላውቅም? ልጄ ናት!»

«የኛዋ ሂሩት?» አለ ደጀኔ። «ደም የምትቀዳው?»

ጋሼ አክሊሉ በዚያው ጉሮሮው፣ በዚያው አማርኛ፣ አምበሉ ላይ ዞረ።

«አንተ! ልቀቃት! ኦፍሳይድ ነው ተባልክ እኮ! እንግሊዝ አገር ሕግ የለም እንዴ?»

ሦስት ረድፍ ሳቀ። ሂሩት የታችኛውን ከንፈሯን ነከሰች። ማርከስ መጥቶ እንግሊዞቹን በተናቸው፤ ቅጣት ምቱ ተመታ፤ ባንዲራዋን አውርዳ በጎን በጎን ሮጠች። አምስት ደቂቃ ተጨመረ። በአምስቱም ደቂቃ ዘጠኝ ቁጥሩ ከእሷ መስመር አላለፈም። አንድ ለአንድ አለቀ።

የዳኞቹ ክፍል ውስጥ ጫማዋን ሳታወልቅ ተቀመጠች። ልክ ናት፣ ታውቃለች። ግን ማወቅና ወረቀት ላይ መስፈር ይለያያል።

ሚስስ ሊንድግሬን ገባች። ስድሳ ያለፋት፣ ቀጭን፣ ሳቅ የማታበዛ ሴት ናት። ታብሌቷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ምስሉ ቆሟል፤ የመቺው እግር ኳሱ ላይ ነው፣ ዘጠኝ ቁጥሩ ሊነሳ ነው። በጣቷ አጎላችው። ጉልበቱ ቀድሟል።

ከዚያ ደብተሯን ዘርግታ አሳየቻት። «ሰማንያ ስምንት፤ አራጋቢዋ ተሳስታለች» የሚል ተጽፎ ነበር። በሁለት መስመር ተሰርዟል።

«ሠላሳ ዓመት ሠርቻለሁ» አለች። «ስህተቱ የኔ ነው።»

ሚስስ ሊንድግሬን ደብተሯን ዘጋች።

«ነሐሴ ላይ ካንሳስ ሲቲ ትሄጃለሽ። ዋናው ሊግ።» እጇን ጨብጣት ወጣች።

ሂሩት ፊቷን ታጠበች። ሁለቴ ታጠበች። ቦርሳዋን አንግታ በሠራተኞች በር ወጣች።

ሦስቱም በሩ ላይ ቆመዋል። የደጀኔ ፊት በሳቅ ሊፈነዳ ነው። ጋሼ አክሊሉ ላቡን በማሊያው ጫፍ ይጠርጋል።

«ሂሩትዬ፣ በሞቴ» አላት። «አንቺ መሆንሽን መች አወቅሁ?»

«ሌላ ሰው ብሆን ይሰደባል ማለት ነው ጋሼ?»

«ሌላ ሰው ብትሆኚማ አማርኛ መች ይገባሻል!»

ደጀኔ መንገዱ ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ። አባቷ አልሳቀም። የአራጋቢ ማሊያዋን ነው የሚያየው፤ ደረቷ ላይ ያለውን ባጅ፣ ጉልበቷ ላይ የደረቀውን ሣር።

«ኦቨርታይም» አለ።

«አዎ አባዬ።»

«ስድስት ዓመት።»

«አዎ።»

«በጎን በጎን እየሮጡ ዘጠና ደቂቃ… ወገብ አያምም?»

«ያማል።»

ራሱን ነቀነቀ።

«ዋናው ሊግ ገብቻለሁ» አለችው። «ነሐሴ ላይ እጀምራለሁ።»

ይልማ ቀስ ብሎ ወደ አክሊሉ ዞረ። ደረቱን ነፋ፤ ማሊያው ሊተረተር ምንም አልቀረው።

«ሰማህ?»

«ሰማሁ። የአሜሪካ ሊግ እኮ…» ብሎ ጀመረ ጋሼ አክሊሉ።

«እ? የአሜሪካ ሊግ ምን?»

«ጥሩ ሊግ ነው ልል ነው እንጂ! ምን ታፈጥብኛለህ? በሉ ኑ፣ ምግብ ቤት እንግባ። ዛሬ ሁሉ ነገር በኔ ነው።»

«አልችልም ጋሼ» አለች ሂሩት። «አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ኤደን ፕሬሪ ጨዋታ አለኝ። የአሥር ዓመት ሴት ልጆች።»

«ከዚህ ሁሉ በኋላ የሕፃናት ጨዋታ?»

«ዳኛ የላቸውም።»

አባቷ ቁልፉን ለደጀኔ ወረወረለት። «የኔን መኪና ቤት አድርስልኝ» አለው። የእንግሊዞቹን ማሊያ እንደለበሰ የሂሩትን መኪና በር ከፍቶ ገባ። ቀበቶውን አሠረ።

ሂሩት ሞተሩን አስነስታ ወደ ኤደን ፕሬሪ ነዳች።