ባዶ ተብለው የተቆጠሩ ቤቶች

ጥፋቱ የእኔ ነው። በማንም ላይ አላላክክም።

ከሜክሲኮ መጥተን በሁድሰን ወንዝ ዳር በምትገኝ ትንሽ ከተማ የምንኖር ተከራዮች ነን። ሕንጻችን ቧንቧው ያፈሳል፣ ማሞቂያው ይተኛል፤ ኪራዩ ግን በየዓመቱ ሽቅብ ነው። ኒውዮርክ ከተማ ውስጥ አከራይ እንዳሻው እንዳይጨምር የሚይዝ ሕግ አለ። ወደ እኛም እንዲሰፋ ሁለት ዓመት ለመንን፣ የግዛቱ ዋና ከተማ አልባኒ ድረስ በአውቶቡስ ሄደን ጮኽን። በመጨረሻ የከተማው ምክር ቤት፣ "ይሁን፤ መጀመሪያ ግን ቤት ይቆጠር" አለ። ከመቶ ቤት ባዶው ከአምስት ካነሰ ሕጉ ይገባል፤ ካለፈ አይገባም።

እኔ ሳቅሁ። በእኛ ሕንጻ በአንድ ክፍል ሰባት ሰው ይተኛል፤ ምኑ ነው ባዶ?

ግን አንድ ነገር ረሳሁ። በብርዱ ወራት የኢሚግሬሽን ፖሊሶች ሰፈሩን ማመስ ሲጀምሩ፣ የተከራዮች ሊቀመንበር ነኝና ሰውን ሰብስቤ አስተምሬ ነበር። "ወረቀት የያዘ ሰው ካንኳኳ አትክፈቱ። ሬዲዮ ዝም፣ መብራት ጥፍት፣ ሕፃን ካለቀሰ ጡት ስጡት። ሰው የሌለበት ቤት ይምሰል።" ኮሪደር ላይ ቆሜ እያንኳኳሁ አለማምጃቸዋለሁ።

ቆጠራው ከአከራዮች መዝገብ ነው ብለውን ነበር። የእኛ አከራይ የተላከለትን መጠይቅ ሳይመልስ ቀረ፤ ቆጠራው ቢበላሽ የሚጠቀመው እሱ ነውና። ስለዚህ ቆጣሪዎቹ በር ለበር መጡ። እኔ የሆቴል ልብስ ማጠቢያ ቤት ሥራ ላይ ነበርኩ። ማታ ስመለስ ሽማግሌው ዶን አቡንዲዮ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል።

"ዶኛ ኤውፍራሲያ፣ ዛሬ ቢያዩን ይኮሩብን ነበር።"

"ምን ተፈጠረ?"

"መጡ፣ ሁለት ሆነው። ሦስቴ አንኳኩ። ዝንብ ያለ አይመስልም። የጎረቤታችን የቲቡርሲዮ ውሻ እንኳ ዝም አለች፤ እሷም ሥልጠናውን ወስዳለች መሰለኝ።"

"ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው?"

"እንጃ። አንዷ ልጅ እግር ናት። ይቺን በሩ ላይ ለጥፋ ሄደች።"

ወረቀቷን አነበብኩ። የቤት ቆጠራ ይላል። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ውጤቱ አምስት ነጥብ ሁለት ሆነ። ባዶ ከተባሉት ቤቶች አሥራ ስድስቱ የእኛ ነበሩ። የምክር ቤቱ ጸሐፊ ክፉ ሰው አይደለችም፤ እስከ ዓርብ ድረስ ከአሥራ ስድስቱ ቤቶች የአሥራ አንዱ ነዋሪ በስሙና በአድራሻው ከፈረመ ይስተካከላል አለችኝ። በዚያው ሳምንት ደግሞ ሁለት ጎረቤቶቻችን በኢሚግሬሽን ፖሊሶች ከአውቶቡስ ፌርማታ ተወስደው ነበር።

ዶን አቡንዲዮ ሳያቅማማ ፈረመ። "ከወሰዱኝም የመሳፈሪያውን እነሱ ይክፈሉ" አለ። የእኔንና የሌሎች ሁለት ቤቶችን ፊርማ ጨመርኩ፤ ከዚያ በኋላ በር ሁሉ ዝም አለኝ። አራተኛ ፎቅ፣ አበልጄ ሊዮካዲያ ጋ ደረስኩ፤ ልጇን ክርስትና ያነሳሁት እኔ ነኝ። ስቀርብ መጥበሻ ይንጫጫል። ሳንኳኳ ጸጥ።

"አበልጄ፣ እኔ ነኝ።"

ደግሜ አንኳኳሁ።

"ሊዮካዲያ፣ የቃሪያው ሽታ አስነጠሰኝ እኮ፤ አለሽ።"

ከበሩ ማዶ በሹክሹክታ መለሰች። "አንቺ መሆንሽንማ አውቃለሁ። ግን ወረቀት ይዘሻል።"

ምንም አይደርስብሽም ልላት አፌን ከፈትኩ። ማን ነግሮኝ? አበልጄን በውሸት ላስፈርማት አልቻልኩም። ወረቀቱን አጥፌ ወረድኩ።

ዓርብ ዕለት አራት ፊርማ ይዤ ሄድኩ። ሕጉ ወደቀ። በሰኔ የሊዮካዲያ ኪራይ በግማሽ ጨመረ፤ ፔንሲልቫኒያ ያለ የአጎቷ ልጅ ጋ ለመጠጋት ዕቃዋን ሰበሰበች። ፍራሹን አብሬያት አወረድኩ። የክርስትና ልጄ እናቷ ጭን ላይ ተኝታለች። መኪናው ሊነሳ ሲል ሊዮካዲያ በመስኮት እጄን ያዘችኝ።

"አበልጄ፣ አንቺ ባታስተምሪን ይሄኔ የት በወደቅን" አለችኝ።

የምታመሰግነኝ ከልቧ ነው።