የርቀት ትምህርት

ክልሉ አዲስ በተቋቋመ ሰሞን፣ አሶሳ ላለ አንድ መዋዕለ ሕፃናት ርቀትን የሚያስተምሩ የስፓኒሽና የእንግሊዝኛ የሥዕል መጻሕፍት በእርዳታ መጡ። የሠለጠነ ትምህርት ነው ተባለ። ብኸይታ ልጇን ዐርዋን ለማስጠናት ስትል በጎልማሶች ትምህርት አማርኛ ማንበብ ጀምራለች፤ ከእነዚህ መጻሕፍት ግን አንድም ፊደል አላወቀችም። ዐርዋ ክፍል እንዳትደግም ሰግታ አንድ ቀን አብራት ክፍል ገባች።

መምህሩ ከአሶሳ ርቃ ስላለችው ከተማ «ሆሞሻ የት ነው?» ብሎ ጠየቀ።

«እዚያያያያ!» አለች ዐርዋ፣ እንደ አገሩ ሰው ርቀቱን ለማሳየት ድምጿን እየጎተተች።

«ዜሮ! ሩቅ በስፓኒሽ ‹ሌሆስ› ነው የሚባለው!» ብሎ ሰሌዳው ላይ ዜሮ ጻፈላት።

«መምህር፣ ሌሆስ የሚሉት ሰዎች የት ነው ያሉት?» አለች ብኸይታ።

«ስፔን ነዋ! ከሱዳንም አልፎ፣ ከባሕሩም አልፎ፣ እዚያያያያ!»

ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ።

«ታዲያ እርስዎም ከልጄ ጋር ክፍል ሊደግሙ ነዋ?» አለች ብኸይታ።

መምህሩ ዜሮውን አጠፋው።