የሁለት ደቂቃ መንገድ

ከትንሿ ደሴት ከፓፓ ዌስትሬይ የአውሮፕላን ሜዳ ተነስቶ ጎረቤቷ ደሴት ዌስትሬይ ለማረፍ አውሮፕላኑ ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል፤ ነፋስ ከኋላ ከገፋው ደግሞ ከዚያም ያንሳል። በመካከል ያለው ባሕር ሦስት ኪሎ ሜትር አይሞላም። ያም ሆኖ፣ ቶራ ግሮት ማዶ ካለችው እህቷ ከሜራን ጋር ቃል ከተለዋወጠች ስድስት ዓመት አልፏታል።

ያኳረፋቸው ቀብር ነው። የቶራ ባል ሲቀበር ሜራን አልመጣችም፤ "ተረኛ ነበርኩ" ብላ ላከች። ሁለቱም በየደሴታቸው ሜዳ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ነበሩ፤ ሁለት ሠራተኛ ከእሳት ማጥፊያ መኪናው አጠገብ ካልቆመ አውሮፕላን አያርፍም፣ አይነሳም። ቶራ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። ኀዘን ግን ክፉ ያናግራል፤ "ለሁለት ደቂቃ መንገድ ሰበብ አታጣም" አለች። ይሄው ቃል ባሕሩን ተሻግሮ ደረሰ።

ዛሬ ጠዋት የሜራን ልጅ ኦድሪ ደወለች። "አክስቴ፣ እማዬ ደክማለች። ዛሬን የምታልፍ አይመስለኝም። ስምሽን ትጠራለች።"

ባሕሩ ከትናንት ጀምሮ ተቆጥቷል፤ ጀልባ የማይታሰብ ነው። የቀራት የረፋዱ አውሮፕላን ብቻ ነው። ጥቁር ካፖርቷን ደርባ ሜዳው ስትደርስ ግን ከወጣቱ የሥራ ባልደረባዋ ከኤርለንድ በቀር ሌላ ተረኛ የለም። ሦስተኛው ሠራተኛ ክንዱን ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝቷል።

"እትዬ፣ አንቺ ከሄድሽ ብቻዬን ነኝ" አለ ኤርለንድ፣ መሬት መሬቱን እያየ።

ሽማግሌው ታም ድሬቨር አጥሩን ተደግፎ ይሰማል። ልቡ ስለደከመ ከዚሁ የእሳት አደጋ ሥራ ያወጣችው ራሷ ቶራ ናት።

"ልብሱን ስጡኝ" አለ። "የራስ ቁሩን ካጠለቅኩ ከላይ ማን ይለየኛል?"

"ቱቦውን ይዘህ ሦስት እርምጃ አትሄድም፣ ጋሽ ታም።"

"ሁለት ደቂቃ እኮ ነው። በሁለት ደቂቃ ምን ይቃጠላል?"

"ሰው" አለች ቶራ።

ይህን ብላም ካፖርቷን አላወለቀችም። ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ። "ስንት ናችሁ?" አለች አብራሪዋ። ታም የራስ ቁሩን አንስቶ አየት አደረጋት። ኤርለንድም አያት። ቶራ ማዶ ያለውን መሬት አይታ ሬዲዮውን አነሳች።

"ሁለት ነን። የሚሳፈር የለም።"

ካፖርቷን ለታም ሰጥታ የእሳቱን ልብስ ለበሰች። አውሮፕላኑ አረፈ፤ ደብዳቤ አራገፈ፤ አንዲት መምህርት አወረደ፤ ተነሳ። ቶራ ማዶ ዝቅ ሲል እስክታየው ከቱቦው አጠገብ አልተንቀሳቀሰችም። ከዚያ ደወለች። ኦድሪ ስልኩን ከእናቷ ጆሮ አስጠጋችው።

"ሜራን፣ አልመጣሁም። ሁለት ብቻ ነበርን።"

የሚቆራረጥ ትንፋሽ ተሰማ። ከትንፋሹ መካከል የሜራን ቀጭን ድምፅ፣ "እኔም ብሆን አልመጣም ነበር" አለ።

ይቅርታ ይሁን ቂም፣ ቶራ መለየት አቃታት። ለመጠየቅም ፈራች።

"ባልሽን እንደ ወንድሜ እወደው ነበር" አለች ሜራን።

"አውቃለሁ። ያኔም አውቅ ነበር።"

"ነገ ነይ።"

"እሺ፣ በመጀመሪያው አውሮፕላን እመጣለሁ።"

ከስልኩ ወዲያ ኦድሪ ድምፅዋን አፍና ስታለቅስ ይሰማል። ታም ካፖርቱን ታቅፎ ቆሟል። ቶራ ስልኩን አልዘጋችውም፤ በዚያ ከባድ ልብስ እንደቆመች የእህቷን ትንፋሽ፣ አንዱ ሲወጣ ሌላው እስኪመጣ እየሰጋች፣ ታዳምጥ ጀመር።